ዐፄ ቴዎድሮስና የታሪካቸው ምስክሮች

የአንድን ታላቅ ሰው ታሪክ የሚጽፍ ሰው ስለ ባለታሪኩ ሲመሰክር ስለ ራሱም ሳያውቀው ይመሰክራል። የት ቆሞ እንዳየ፣ በየትኛው ዘመን እንደ ጻፈ፣ ቃሉንም ለማን ጆሮ እንዳዘጋጀ ጽሑፉ ራሱ ይናገርበታል። በአገራችን በጥንቱ የሙግት ሥርዓት ተሟጋች የሆነ ሰው ባላጋራው የቆጠረውን ምስክር ዝምድናውን፣ ቂሙንና ጥቅሙን እየጠቀሰ ይነቅፍ ነበር። የታሪክ ተመራማሪም ከዚህ ሥርዓት ሊማር ይገባዋል፤ ለእርሱ ግን ምስክርን መንቀፍ ማለት ቃሉን መጣል ሳይሆን ቃሉ በምን ያህል ሚዛን እንደሚነሣ መለየት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዐሳብ ይህንኑ ሥርዓት በዐፄ ቴዎድሮስ ታሪክ ላይ መፈተን ነው። ስለ እኚህ ንጉሠ ነገሥት የተጻፈው ብዙ ነው። ይሁን እንጂ በአብዛኛው አንባቢ ልብ ተቀርጸው የቀሩት ሁለት ሥዕሎች ብቻ ናቸው። አንደኛው በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዘውድ ሲጭኑ የሚያሳየው ነው፤ ሁለተኛው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በትንሣኤ ማግስት፣ በመቅደላ አምባ ላይ እጅ ከመስጠት ሞትን መርጠው ራሳቸውን ሲገድሉ የሚያሳየው ነው። በሁለቱ ሥዕሎች መካከል ያሉት ዐሥራ ሦስት ዓመታት፣ ማለት ሕግ የወጣባቸው፣ ግብር የተጣለባቸው፣ ርስት የተነቀለባቸውና ከተማ የተቃጠለባቸው ዓመታት፣ ከአንባቢው ዓይን ርቀዋል። እኒህን ዓመታት ማን እንደ ጋረዳቸው ለመረዳት ምስክሮቹን አንድ በአንድ መጥራት ያስፈልጋል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀርቡት ሦስቱ ዜና መዋዕሎች ናቸው። የመጀመሪያው አለቃ ዘነብ የጻፉት ሲሆን ጀርመናዊው ሊቅ ኤኖ ሊትማን እ.ኤ.አ. በ1902 አሳትመውታል። ሁለተኛውን አለቃ ወልደ ማርያም ጽፈውት ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ እ.ኤ.አ. በ1904 በፓሪስ አውጥተውታል። ሦስተኛውን ስሙን ያልገለጸ ሰው የጻፈው ሲሆን ኢጣሊያዊው ሉዊጂ ፉሴላ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ለኅትመት አብቅተውታል። ሦስቱም የተጻፉት በአማርኛ ነው። ይህ እንዲያው በዋዛ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ከዐፄ ዐምደ ጽዮን ዘመን ጀምሮ የነገሥታት ታሪክ በግእዝ ሲጻፍ የኖረ ስለ ሆነ፣ ጸሓፊው ባለታሪኩን የሚያስተያይበት ምሳሌ፣ የሚያሞግስበት ቃል፣ ጦርነቱን የሚተርክበት ሥርዓት ሁሉ አስቀድሞ የተዘጋጀለት ነበር። ወደ አማርኛ የተሻገረ ጸሓፊ ግን ሰዎች በአደባባይና በድንኳን የሚናገሩትን ቋንቋ ይዞ ስለ ተነሣ የንጉሡን ቁጣ፣ የወታደሩን ፌዝ፣ የካህኑን ክርክር በየመልኩ ለማስገባት በር ተከፈተለት። ስለዚህ የዐፄ ቴዎድሮስ ታሪክ ከቀደሙት ነገሥታት ታሪክ ይልቅ ሕያው ሆኖ የሚታየን በሰውየው ጠባይ ብቻ አይደለም፤ የተጻፈበት ቋንቋም ድርሻ አለው።

አለቃ ዘነብ የጻፉት ንጉሡ በሕይወት ሳሉ ነው። ታሪኩ የንጉሥነቱን የመጀመሪያ ዓመታት ተርኮ ድንገት ይቋረጣል፤ የጨለማዎቹ ዓመታት ሳይመጡ ብዕሩ ይቆማል። ሰውየው በጋፋት ከነበሩት የወንጌል መልእክተኞች ጋራ የተቀራረቡ፣ «መጽሐፈ ጨዋታ ሥጋዊ ወመንፈሳዊ» የተባለውንም መጽሐፍ የደረሱ፣ ምሳሌና ተግሣጽ የሚወዱ ጸሓፊ ናቸው። ይህ ጠባያቸው በዜና መዋዕሉም ላይ ይታያል፤ የንጉሡ ሥራ ሁሉ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ ሆኖ ይቀርባል። የእቴጌ ተዋበች ታማኝነት ለሚስቶች ምሳሌ ይሆናል፤ የንጉሡ ድል የእግዚአብሔር ምርጫ ማስረጃ ይሆናል። «ፍካሬ ኢየሱስ» ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣ ይናገራልና፣ ስሙን ለመረጠው ንጉሥ ታሪክ መጻፍ ማለት ትንቢቱ መፈጸሙን ማሳየት ነበር። በዚህ ሚዛን ሲታዩ አለቃ ዘነብ ስለ ንጉሡ ተስፋ የታመኑ ምስክር ናቸው፤ ቴዎድሮስ ምን ሊያደርጉ እንዳሰቡና ተከታዮቻቸው ምን እንደ ጠበቁ ከእርሳቸው የበለጠ የሚነግረን የለም። ስለ ፍጻሜው ግን አልተጠየቁም፤ ሊጠየቁም አይችሉም። የኋላ ዘመን ጸሓፊዎች ከእርሳቸው ወስደው መላውን ዘመነ መንግሥት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብርሃን ሲያዩት ስሕተቱ የአለቃ ዘነብ ሳይሆን የወሳጆቹ ነው።

አለቃ ወልደ ማርያም የጻፉት ከንጉሡ ሞት በኋላ ነው። ፍጻሜውን የሚያውቅ ሰው ጅማሬውን ሲተርክ ፍጻሜው በጅማሬው ላይ ጥላውን ይጥላል። አመለካከታቸው ወደ አቡነ ሰላማና ወደ ቤተ ክህነቱ ማድላቱ በጽሑፋቸው ይታወቃል፤ ስለዚህም የንጉሡ መከራ በቤተ ክርስቲያን ላይ እጃቸውን ካነሡበት ጊዜ የሚጀምር ሆኖ ይነበባል። ጳጳሱ በመቅደላ ታስረው ኖረው በጥቅምት 1860 ዓ.ም. እዚያው ዐርፈዋልና፣ ለዚህ ወገን የንጉሡ ውድቀት የፍርድ መልክ ነበረው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥንቃቄ መመርመር አለበት። ዐፄ ቴዎድሮስ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት ይበቃሉ፤ የቀረው መሬት ግብር ለሚከፍል ገበሬ ይሰጥ ብለው ከሊቃውንቱ ጋራ መከራከራቸው የታወቀ ነው። ብዙ ጸሓፊዎች ይህን ቍጥር ጠቅሰው ያልፋሉ፤ ቍጥሩ ከየት እንደ መጣ ግን አይጠይቁም። ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት ማለት በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ቅዳሴ ለመቀደስ የሚያስፈልጉት አምስቱ ልዑካን ናቸው። ስለዚህ ንጉሡ መሠዊያውን አልነኩም፤ የነኩት ከመሠዊያው ውጭ ያለውን ነው። ከመሠዊያው ውጭ ያለው ማነው? ማሕሌት የሚቆመው፣ ቅኔ የሚያስተምረው፣ መጽሐፍ የሚጽፈውና የሚደጕሰው ደብተራ ነው። ዐዋጁ ከሁሉ ይልቅ ያስራበው የነገሥታትን ታሪክ ሲጽፍ የኖረውን ወገን ነበር ማለት ነው። የአንድ ንጉሥ ዝና ብዕር በያዘው ወገን እጅ ላይ በተጣለበት አገር ብዕረኛውን ርስቱን መንጠቅ ምን እንደሚያስከትል መገመት አያስቸግርም። ይህን ስንል ቤተ ክህነቱ በሐሰት መሰከረ ማለታችን አይደለም፤ በ1859 ዓ.ም. የጎንደር ከተማ መዘረፍና መቃጠል፣ የአብያተ ክርስቲያናቱም መራቆት ማንም የማይክደው ነገር ነው። የምንለው፣ ምስክሩ ተበዳይም እንደ ነበረ አንባቢው እያወቀ ያንብብ ነው።

ስሙ ያልታወቀው ሦስተኛ ጸሓፊ ከሁለቱ ይልቅ ወደ ሕዝቡ አፈ ታሪክ የቀረበ ነው። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ለባህል ጥናት ማኅበራችን የተለየ ዋጋ አለው፤ አፈ ታሪክ አንድ ነገር መደረጉን ባያረጋግጥ እንኳ ሕዝቡ ነገሩን በምን መለኪያ ይለካው እንደ ነበረ ያሳያልና። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው የንጉሡ የትውልድ ነገር ነው። የካሳ ኃይሉ እናት ወይዘሮ አትጠገብ ከድህነት የተነሣ ኮሶ ይሸጡ ነበር የሚለው ስድብ በጠላቶቻቸው አፍ ሲነገር ኖሯል። «የኮሶ ሻጭዋን ልጅ ይዤ አመጣለሁ» ብሎ የፎከረውም ደጃዝማች ተማርኮ ኮሶ ጠጣ ተብሎ ይተረካል። የታሪክ ሰዎች የተከራከሩት ኮሶ መሸጣቸው እውነት ነው ወይስ አይደለም እያሉ ነው። ከዚያ ይልቅ መጠየቅ ያለበት ስድቡ በእናት በኩል የመጣው ስለ ምንድን ነው የሚለው ነው። በአማራው የርስት ሥርዓት ሰው በአባቱም በእናቱም ወገን እየቈጠረ ርስት ይጠይቃል፤ መኳንንቱም ሹመት የሚፈላለጉት በሁለቱም በኩል ትውልድ እየጠቀሱ ነበር። እንግዲህ የእናትን ወገን ማዋረድ ባዶ ስድብ አልነበረም፤ የይገባኛልን ግማሽ መቍረጥ ነበር። የደምቢያው ደጃዝማች ክንፉ ለካሳ በአንዱ ምንጭ ወንድም፣ በሌላው አጎት ሆነው መገኘታቸውም ከዚሁ ጋራ ይሄዳል። ትውልድ የሚቈጠረው እንደ ጊዜው ጥያቄ ስለ ሆነ፣ የትውልድ ሐረግ ከደም ይልቅ የፖለቲካ ጽሑፍ ሆኖ የሚነበብበት ጊዜ አለ።

ከአገር ቤት ምስክሮች ቀጥለው የሚቆሙት የአውሮፓ ሰዎች ናቸው። ከእነርሱ ውስጥ የእንግሊዙ ቆንሲል ዋልተር ፕላውደን ንጉሡ በነገሡበት ዓመት የላኩት ሪፖርት ቴዎድሮስን ለጋስ፣ ታታሪና ለሥርዓት የቆሙ፣ ሲቈጡ ግን እጅግ የሚያስፈሩ ሰው አድርጎ ይሥላቸዋል። ፕላውደን በ1852 ዓ.ም. ተገደሉ። ከዚያ በኋላ የተጻፉት ታዋቂ መጻሕፍት የሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ፣ የሆርሙዝ ራሳምና የሄንሪ ስተርን ናቸው፤ ሦስቱም የመቅደላ እስረኞች ነበሩ፤ የእስራታቸውንም ታሪክ ያሳተሙት በጦርነቱ ማግስት እ.ኤ.አ. በ1868ና በ1869 ነው። የእስረኛ ማስታወሻ የታሳሪውን ቀን በትክክል ይነግረናል፤ የአሳሪውን ዓመታት ግን በእስር ቤት መስኮት ብቻ ያያል። ከዚህም በላይ አንባቢያቸው የእንግሊዝ ሕዝብ ነበር፤ ያ ሕዝብ ደግሞ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ዘመቻ ተገቢ እንደ ነበረ ሊያምን ይፈልግ ነበር። በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የተጻፈው ደብዳቤ መልስ ማጣቱ ከጦርነቱ መነሻዎች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ ነገሩ በብዙ አውሮፓውያን ዘንድ የአንድ ሰው የአእምሮ ሕመም ታሪክ ሆኖ የተቀበለው በዚህ ምክንያት ነው። እብደት ለታሪክ ጸሓፊ ምቹ ቃል ነው፤ ምክንያት ከመፈለግ ያሳርፋልና።

ከእነዚህ ሁሉ ምስክሮች በላይ ሊደመጡ የሚገባቸው፣ ግን እጅግ ዘግይተው የተጠሩት፣ ንጉሡ ራሳቸው ናቸው። ለንግሥቲቱና ለመልእክተኛዋ የጻፏቸው የአማርኛ ደብዳቤዎች እ.ኤ.አ. በ1979 በግርማ ሥላሴ አስፋውና በዴቪድ አፕልያርድ እጅ ታትመዋል፤ ስዌን ሩቤንሶን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1994 የዘመኑን ደብዳቤዎች ሰብስበው አውጥተዋል። ደብዳቤዎቹ ሲነበቡ ሁለት ልዩ ልዩ ሰው ይሰማል። በ1855ቱ ደብዳቤ የሚናገረው የትንቢቱ ንጉሥ ነው፤ አባቶቹ ነገሥታት ፈጣሪያቸውን ስለ በደሉ መንግሥታቸው እንደ ተወሰደ፣ እርሱን ግን እግዚአብሔር ከትቢያ አንሥቶ እንዳነገሠው ይገልጻል። ከእሮጌ ውጊያ በኋላ፣ ከሞታቸው ሁለት ቀን ቀደም ብለው ለጄኔራል ናፒየር በጻፉት ደብዳቤ ግን የሚናገረው ሌላ ሰው ነው። እዚያ ላይ የአገራቸው ሰዎች ጀርባቸውን የሰጧቸው ግብር ክፈሉ፣ በወታደር ሥርዓት እደሩ ስላሏቸው እንደ ሆነ ይናገራሉ። ይህ ቃል በጥሞና ሊታይ ይገባዋል። ዜና መዋዕል ጸሓፊው ውድቀቱን ከእግዚአብሔር ቁጣ ሲያመጣው፣ የአውሮፓው እስረኛ ከእብደት ሲያመጣው፣ ንጉሡ ግን ከግብርና ከሥርዓት አመጡት። ከምስክሮቹ ሁሉ ነገሩን በመንግሥት አስተዳደር ቋንቋ የተናገሩት ባለታሪኩ ብቻ ናቸው። ይህም ቢሆን ሙሉ እውነት አይደለም፤ ገበሬው ግብሩን ለምን እንደ ጠላው፣ ከወረራ ወረራ ሲንከራተት የኖረው የደንቢያና የበጌምድር ባላገር በርስቱ ላይ ምን እንደ ደረሰበት ደብዳቤው አይናገርም። ከሳሽም ተከሳሽም ራሳቸው ናቸውና እርሳቸውም ይነቀፋሉ።

አሁን ወደ ዘመናችን ሥነ ጽሑፍ እንመለስ። የደጃዝማች ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «ቴዎድሮስ» የተባለው ተውኔት፣ የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ» (1958 ዓ.ም.)፣ የአቤ ጉበኛ «አንድ ለእናቱ» (1961 ዓ.ም.)፣ የጸጋዬ ገብረ መድኅንም ተውኔት ንጉሡን ከእብደት ስም አውጥተው ወደ ክብር ቦታ መልሰዋቸዋል። ይህ ታላቅ ሥራ ነው። ቢሆንም የሁለቱን ልብ ወለዶች ርእስ ብቻ እንኳ ብናይ አንዱ እንባን፣ ሁለተኛው የእናት ብቸኛ ልጅነትን ይጠራል። ሁለቱም የሚፈልጉት ብቻውን የቆመውን ሰው ነው። ብቸኝነት ለድራማና ለልብ ወለድ ይስማማል፤ ንጉሥ ግን ብቻውን አይነግሥም። ያዘመተው ጭፍራ፣ የመገበው ገበሬ፣ የተማረከው ባላባት፣ ያለቀሰችው የወሎ እናት ሁሉ የታሪኩ ባለቤቶች ናቸው። ምኒልክ በሰኔ 1857 ዓ.ም. ከመቅደላ ባመለጡ ጊዜ በንጉሡ ቁጣ የተገደሉት የወሎ እስረኞች፣ የንግሥት ወርቂትም ልጅ ከእነርሱ ጋራ፣ ለባለታሪኩ ሐዘን ማጀቢያ ብቻ ሆነው ሊቀሩ አይገባም። በወሎ ይህ ነገር የሚታወሰው እንደ ንጉሡ እንባ አይደለም።

የታሪክ ሊቃውንት በበኩላቸው ጥሩ መንገድ ከፍተዋል። ሩቤንሶን እ.ኤ.አ. በ1966 በአዲስ አበባ ያሳተሙት መጽሐፍ አፈ ታሪኩን ከሰነዱ ለይቷል። ዶናልድ ክረሚ እ.ኤ.አ. በ1969 የንጉሡን የማሻሻል ዐሳብ፣ በ1971 ደግሞ የጭካኔውን ነገር ለየብቻ መርምረዋል። በአማርኛም ተክለ ጻድቅ መኵሪያ በ1981 ዓ.ም.፣ ጳውሎስ ኞኞ በ1985 ዓ.ም. ሰፊ መጻሕፍት አበርክተዋል። ሆኖም ክረሚ ለሁለት ከፍለው የመረመሩትን፣ ማለት አሻሻዩንና ገዳዩን ንጉሥ፣ አንድ ሰው አድርጎ የሚያሳይ ሥራ ገና ያስፈልገናል። ሁለቱ በአንድ ዐሳብ የታሰሩ ናቸውና። ወታደሩን በደመወዝ አሳድሮ ባላገሩን ከተሠሪ ለማዳን ያሰበ ንጉሥ ገንዘብ ያስፈልገው ነበር፤ ገንዘቡን ከቤተ ክርስቲያን መሬት ፈለገ፤ ቤተ ክህነቱ ሲከለክለው የሕዝቡን ልብ አጣ፤ አገር ሲሸፍት ጦሩን በዘረፋ መመገብ ግድ ሆነበት፤ ዘረፋው ደግሞ ሊያድነው ያሰበውን ገበሬ አጠፋው። በዚህ አካሄድ ሲታይ ደግነቱና ጭካኔው የሁለት ሰው ሥራ አይደለም። አንዱ ዐሳብ መሣሪያ ሲያጣ የሄደበት መንገድ ነው።

ቅርስ የሚለውም ቃል በዚሁ ሚዛን ይመዘን። የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ የብሪታኒያ ሙዚየም ሰው የሆኑት ሪቻርድ ሆምስ ከጦሩ ጋራ ነበሩ፤ ከተወሰዱት የብራና መጻሕፍት ውስጥ 350 ያህሉ ወደዚያ ሙዚየም ገብተው ዛሬ በብሪታኒያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በውጭ አገር ስማር ከእነዚህ ብራናዎች ጥቂቶቹን ለማየት ዕድል አግኝቻለሁ፤ ተማሪው የአገሩን መጽሐፍ ለማየት ባሕር መሻገሩ የሚያስቈጭ ነው። ይመለሱ ማለታችን ትክክል ነው። የንጉሡ ጠጕር በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ተመልሷል፤ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የሞተው የልጃቸው የልዑል ዓለማየሁ ዐፅም ግን እንዲመለስ የቀረበው ጥያቄ በ2015 ዓ.ም. እንደገና ተከልክሏል። ነገር ግን መጻሕፍቱ ይመለሱ ስንል ወደ መቅደላ እንዴት እንደ መጡም መናገር አለብን። ንጉሡ በመቅደላ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የሰበሰቧቸው ሲሆኑ ብዙዎቹ የተወሰዱት ከጎንደር አድባራት ነው። ከብራናዎቹ በአንዳንዶቹ ላይ የተጻፈው የደብሩ ስም ሁለቱንም ዝርፊያ አብሮ ይመሰክራል። የሰበሰቡት ለማጥፋት ሳይሆን አንድ ታላቅ የመጻሕፍት ቤት ለማቆም መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም፤ የጎንደር ደብተራ ግን መጽሐፉን ያጣው እንግሊዝ ሳይመጣ ነው።

እንግዲህ ለተማሪዎቻችን የምናስተላልፈው ምንድን ነው? ዐፄ ቴዎድሮስን ማክበር ማለት የተመኙትን ብቻ መቍጠር አይደለም፤ እርሳቸውን መንቀፍም የገደሏቸውን ብቻ መቍጠር አይደለም። ምኞቱ ያስከፈለውን ዋጋ ማን እንደ ከፈለ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለዚህ የሚረዱ ምንጮች ገና አልተነኩም። በየደብሩ ብራና ኅዳግ ላይ የተጻፉት የመሬት ስጦታና የርስት ክርክር ማስታወሻዎች፣ በበጌምድርና በወሎ ባላገር ዘንድ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፉት የርስት ታሪኮች፣ የሙሾና የፉከራ ቃሎች በአንድነት ተሰብስበው ከሦስቱ ዜና መዋዕሎችና ከደብዳቤዎቹ ጋራ ሊስተያዩ ይገባል። ይህ ከታሪክ ሰው ብቻ የሚጠበቅ ሥራ አይደለም፤ የባህል ተመራማሪው ድርሻ እንዲያውም ይበልጣል። ለመኳንንቱና ለካህናቱ ምስክር ቆሞላቸዋል፤ ለእስረኞቹም ቆሞላቸዋል፤ ገበሬው ግን ምስክሩ እስካሁን አልተቈጠረለትም። እርሱ ሳይሰማ በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ የሚሰጥ ፍርድ፣ ምስጋናም ይሁን ወቀሳ፣ ይግባኝ ያለበት ፍርድ ነው።